ሽቶ የለመዱ ንቦች

አባቴ አብዶ እዚህ ጭሮ ንብ ማርባት ከጀመረ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ባዮሎጂ የምማረው እኔ ልጁ ሳጂዳ፣ «ንብ ትማራለች፣ የተማረችውንም ታስታውሳለች» ስለው ሳቀብኝ።

«አንቺን ለማስተማር ያየሁት ፍዳ አነሰኝና ደግሞ ንብ!»

እልህ ያዘኝ። ሐሙስ ዕለት ስምንት ንቦች በበረዶ አደንዝዤ፣ ጭንቅላታቸው ብቻ እንዲወጣ አድርጌ ቆራርጬ ባዘጋጀሁት የጭማቂ መምጠጫ ውስጥ አሰርኳቸው። ቤት ባገኘሁት ሽቶ ጥጥ ነክሬ አስሸተትኳቸውና ወዲያው የተበጠበጠ ስኳር አቀመስኳቸው። ደጋግሜ እንዲህ ሳደርግ፣ ስኳሩ ሳይመጣ ገና ሽቶውን ሲያሸቱ ምላሳቸውን ያወጡ ጀመር።

በማግስቱ አባቴ ከጁምዓ ሲመለስ፣ «እስቲ ተማሪዎችሽን አሳዪኝ» ብሎ ንቦቹ ላይ ጎንበስ አለ። እኔ ምንም ሳልነካ ስምንቱም ምላሳቸውን አወጡበት።

«ያ ረቢ! ይሰድቡኛል እንዴ?»

«አስታወሱ እኮ አባ! የትናንቱን ሽታ አስታወሱ!» ብዬ በደስታ ጮህኩ።

አባቴ ቀና አለ። የጀለቢያውን እጅጌ አሸተተ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ለጁምዓ ያስቀመጥኩት ሽቶ ጎድሎ ሳገኘው ጠዋት እናትሽን ነበር የተቆጣኋት» አለ። «ወላሂ፣ ንብ ትማራለች። ሌባም ታጋልጣለች።»