እህቱን አንቱ ያለው እጩ

ቅዳሜ ጠዋት አራቱ የፓርቲው ሰዎች ሳሎኑን ሞልተው ሲቀመጡ፣ ሚጣ ሻይ እየቀዳች በልቧ አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር፤ ዛሬ ካልነገርኳቸው መቼም አልነግራቸውም። ሚጣ ስትባል ልጅ እንዳትመስላችሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠላሳውን ዓመት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆማ "አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ፣ ከምግብ በኋላ" ስትል የኖረች ፋርማሲስት ናት። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እሱ ካወጣው በኋላ ደግሞ ማን ደፍሮ ይለውጠዋል?

ወንድሟን አገር የሚያውቀው አባ ድልድይ በሚል ስም ነው። መሐንዲስ ነበር፤ ከዚያ ሚኒስትር ሆነ፤ ከዚያ ወንበሩን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀና የተጣላ ማስታረቅ ያዘ። ሳይገፉት ከወንበር የተነሳ ሰው ብርቅ ነውና ሕዝቡ እስከ ዛሬ ይወደዋል። እነሆ በሰባ ሦስት ዓመቱ ፓርቲው ለፕሬዚዳንትነት ሊያጨው ፈለገ። የእጩዎች ምዝገባ ሰኞ ይዘጋል። የፓርቲው ቢሮ በጋዜጠኛ ስለተጨናነቀ የመጨረሻው ክርክር እዚሁ ቤቱ ይሁን ተባለ። እሱ መኝታ ክፍሉ ሆኖ ይጠብቃል፤ እነሱ ሳሎን ሆነው ይመጥናል አይመጥንም ይባባላሉ።

ወንድሟ ግን እየረሳ ነው። ባለፈው ወር እሱ ራሱ የሠራውን ድልድይ በቴሌቪዥን አይቶ "ጎበዝ ነው፣ ማነው የሠራው?" ብሏታል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ስለሚጠፋው "መታጠቢያ ቤት" ብላ በትልልቅ ፊደል ጽፋ በሩ ላይ ለጥፋለታለች። ዛሬ እንግዶቹ ጽሑፉን አይተው "ለእንግዳ እንዴት ያስባሉ!" አሉ። ሐኪም አይቶታል። ሐኪሙ ያለውንም ለፓርቲው ሊቀመንበር ሦስት ጊዜ ደውላ ነግራዋለች። "ሐኪምማ እኔንም ስኳር አለብህ ብሎኛል፤ ይኸው አለሁ" ብሎ ዘጋባት።

ክፉው ነገር፣ ወንድሟ ደህና በሚሆንባቸው ሰዓቶች ሁሉንም ያውቃል። ባለፈው ሳምንት እጇን ይዞ "ሚጣዬ፣ ጭንቅላቴ እየከዳኝ ነው" አላት። "በስልክ አልችልም ብላቸው ትህትና መሰላቸው። አንቺ ንገሪያቸው። በስተርጅናዬ ሰው ፊት እንዳልዋረድ።" እሷም "እኔ እነግራቸዋለሁ ጋሼ፣ አታስብ" አለችው። ቃሏን ሰጠች ማለት ነው።

ክርክሩ ተጀመረ። ቀድሞ የተናገረው የፓርቲው ጠበቃ ነው፤ ሕጉን ከነአንቀጹ የሸመደደ፣ ለቀልድ ጊዜ የሌለው ሰው።

"ሕጉ ግልጽ ነው" አለ። "ዜጋ ናቸው። ዕድሜያቸው ከአርባ በላይ ነው። ወንጀል የለባቸውም። ከዚህ ሌላ የሚጠየቅ የለም።"

"ከአርባ በላይማ ሁለት አርባ ሊሞሉ ምን ቀራቸው?" አለ የቅስቀሳ ኃላፊው። ይህን ሰውዬ መጋዝ ይሉታል። በእሱ ፊት የጀመረውን ዓረፍተ ነገር የጨረሰ ሰው ታይቶ አይታወቅም። "የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰውየው ጥለውን የሄዱ ሰው ናቸው። ያኔ ፓርቲው ሲናጥ የት ነበሩ? ዛሬ ድግሱ ሲደርስ ይምጡ? እኔ በበኩሌ አልደግፍም!"

ሚጣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች መጋዝን ወደደችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። የፓርቲው ደንብ አራቱም ካልተስማሙ እጩ የለም ይላላ! ምክንያቱ ቂም ሆነ ምቀኝነት፣ ለእሷ ግድ አልነበራትም።

ግን ክርክሩ መንገዱን ሳተ። ሰውየው የለቀቀው ከጉባኤው በፊት ነው ወይስ በኋላ? በደብዳቤ ነው ወይስ በቃል? ደብዳቤው ላይ "ስንብት" ይላል ወይስ "ፈቃድ"? ሩብ ሰዓት ሙሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት፣ ሁሉንም ትጽፋለች፤ ስንብትም ትላለች፣ ፈቃድም ትላለች። ሰውየው ማስታወስ ይችላል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም የለም።

ሚጣ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልናገር" አለች።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። ሠላሳ ዓመት የዚህ ቤት ወዳጅ ነው። "ተናገሪ እህቴ፣ ቤቱ ያንቺው ነው።"

"ወንድሜ እየረሳ ነው። ይህን ሥራ አይችልም።"

"ማን የማይረሳ አለ!" አለ ሊቀመንበሩ። "እኔ ዛሬ ጠዋት ስልኬን በጆሮዬ ይዤ፣ እያወራሁበት፣ ስልኬ የት ገባ እያልኩ ስፈልግ ነበር።"

ጠበቃው ሳይቀር ሳቀ። ጸሐፊዋ የልጇን ልደት ረስታ ሦስት ቀን እንደተኮረፈች ነገረቻቸው። መጋዝ አንድ ጊዜ መኪናውን ገበያ አቁሞ በእግሩ ቤቱ መግባቱን ተረከ። ሁሉም ተራ በተራ መርሳታቸውን እንደ ሽልማት አወጡ። ሚጣ መሀላቸው ቆማ ቅጥል አለች። መድኃኒት ቤት ቢሆን ደግማ ደጋግማ ትናገራለች፤ አሥር ጊዜ ያልገባው በአሥራ አንደኛው ይገባዋል። ለእነዚህ ግን ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

"እንደዚህ ዓይነት መርሳት አይደለም!" አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። "እኔን... ረቡዕ ዕለት ከሥራ ስገባ፣ እኔን እህቱን 'እርስዎ' አለኝ!"

አራቱም ወደ እሷ ዞሩ።

ረቡዕ የሆነው እንዲህ ነው። በሩን ከፍታ ስትገባ ወንድሟ ከወንበሩ ተነሳ፤ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፤ በዚያ በሚያምር ወጉ "ይግቡ፣ ይግቡ" አላት። "ምነው ቆሙ? ይቀመጡ። እህቴ አሁን ትመጣለች።" እሷም ቦርሳዋን አቅፋ፣ እንደ እንግዳ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ራሷን ስትጠብቅ ሃያ ደቂቃ ቆየች።

ይህን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። "እህቴ አሁን..." ብላ እንባዋን ልትጠርግ ነጠላዋን አነሳች። መጋዝ ለመቁረጥ ከዚያ በላይ አላስፈለገውም።

"ቆይ ቆይ ቆይ!" ብሎ ከሶፋው ብድግ አለ። "እህታቸውን? እቤት ውስጥ? ማንም በሌለበት? አንቱ?"

"አዎ፣ ግን..."

"ታናሽ እህታቸውን!" ወደ ሌሎቹ ዞረ፤ ዓይኑ በራ። "ትሰማላችሁ? ይሄ አገር እኮ ያጣው ይሄን ነው። ባለሥልጣን ሁሉ ሽማግሌውን አንተ፣ እናቲቱን አንቺ እያለ ስንቱን አስቀየመ! እኚህ ሰው እናት አባት አንድ ያደረጋቸውን ታናሻቸውን እንኳ አንቱ ይላሉ! አንቱ የተባለ ሰው ሞልቷል። አንቱ የሚል ሰው ነው የጠፋው!"

"ይጻፍ?" አለች ጸሐፊዋ።

"ይጻፍ እንጂ! ፖስተር ላይ ይጻፍ!"

"አልጨረስኩም" አለች ሚጣ። "ስሙኝ፣ አላወቀኝም እኮ ነው የምላችሁ..."

ማን ይስማት። መጋዝ መፈክር እየሞከረ ነበር፤ ጠበቃው "ሁሉን አክባሪው" ይሻላል ይላል፤ ሊቀመንበሩ እጁን እያፋተገ "ታዲያ ተቃውሞህን አንስተሃል ማለት ነው?" ብሎ መጋዝን ያጣድፋል። መጋዝም "ቂም ለማንም አይበጅም" ብሎ እጁን አወጣ። አራት እጅ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። የነበራትን አንድ ተቃዋሚ በገዛ አፏ ደጋፊ አድርጋው ቁጭ! ራሷን በጥፊ ብትመታ ደስ ባላት።

ሊቀመንበሩ ራሱ ሄዶ ጠራው። አባ ድልድይ ሽበቱን አበጥሮ፣ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ገባ፤ አራቱም ተነሱ። ሚጣ ዓይኑን አየችና አወቀች። ደህናው ሰዓት ላይ ነው፤ ግን ዳር ዳሩ ላይ። ሁሉንም ጨበጣቸው፣ የሊቀመንበሩን ልጆች ጠየቀ፣ ተቀመጠ።

"በሙሉ ድምፅ መርጠንዎታል" አለ ሊቀመንበሩ።

ወንድሟ መጀመሪያ እሷን አየ። ነግረሻቸዋል? እንደማለት። እሷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ነግሬያቸው አልሰሙኝም ማለቷ ነበር። እሱ እንዴት እንደተረዳው እግዜር ይወቀው።

"ወንድሞቼ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይህ ሸክም ከአቅሜ በላይ ነው። እኔ አልችልም። እኔ ከእንግዲህ ለዚህ አልሆንም፤ እባካችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።"

ይህን ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይናገሩታል? ግን በዚያ አገር ሹመት ሲሰጡት "አይገባኝም" ያላለ ባለጌ ነው። አልችልም ማለት እሺ ማለት ነው። አጨበጨቡ! የጠበቃው ዓይን ሳይቀር እንባ አቀረረ። ጸሐፊዋ "ኃላፊነቱን በትህትና ተቀብለዋል" ብላ ጻፈች። ወንድሟ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቆ ደግሞ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ምን ሊል እንደነበር ጠፋው። ሚጣ ደህናው ሰዓት ከፊቱ ላይ ሲሄድ ቆማ አየችው።

ጠበቃው የምዝገባውን ቅጽ አቀረበ። "እዚህ ጋ ሙሉ ስምዎን፣ እዚህ ጋ ፊርማዎን።"

ወንድሟ እስክሪብቶውን ተቀበለ። ጫፉ ወረቀቱን ነክቶ ቆመ። ቀና አለና በትህትና "የማንን ስም ነው የምጽፈው?" አለ።

ሊቀመንበሩ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። "ጨዋታ አዋቂ እኮ ናቸው!" ሁሉም ሳቁ። ሲስቁ አይቶ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ "አይ፣ የምሬን ነው" አለ። ዓይኑ ሳሎኑን ዞረና እሷ ላይ አረፈ።

ስሙ ምላሷ ላይ ነበር። ጎንበስ ብላ በጆሮው ብትለው ይጽፋል፤ ይፈርማል፤ ይስቃሉ፤ ያልፋል። ሰኞ ይመዘገባል። ከዚያ አንድ ቀን በቴሌቪዥን፣ አገር በሙሉ እያየው፣ ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ እሷ አጠገቡ አትኖርም። ዝም ብትል ግን እዚሁ ያበቃል፤ እዚሁ፣ በአራት ሰው ፊት። ወንድሟ ይለምናታል፤ በአፉ አይደለም፣ በዓይኑ። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ለምኗት የማያውቅ ሰው።

ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሷ ግን አፏ ውስጥ ሲነቅዝ ተሰማት።

ጠበቃው ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ "እዚህ ጋ" አለና ጣቱን መለሰ። ጸሐፊዋ መጻፍ አቆመች። መጋዝ እንኳ የሚቆርጠው ቃል አጣ። ሊቀመንበሩ አንዴ ሰውየውን አንዴ እሷን ሲያይ ቆየና፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ በለሆሳስ "ምነው እህቴ?" አላት። "ምነው ቀደም ብለሽ ሳትነግሪን?"

ደሟ ፈላ። ልትጮህበት፣ ማንቆርቆሪያውን ልትወረውርበት አሰኛት። ግን እስክሪብቶውን ከወንድሟ እጅ ወሰደች፣ በክንዱ ያዘችው፣ "ና ጋሼ" አለችው። ማንም አልተከተላቸውም።

መኝታ ክፍሉ አስገብታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ኮቱን አወለቀችለት፤ ጫማውን ልትፈታለት ተንበረከከች። ከሳሎን በኩል ወንበር ሲጎተት፣ ሰዎች እየተንሾካሾኩ ሲወጡ ይሰማል።

"ሰዎቹ ሄዱ?"

"እየሄዱ ነው።"

"ደንግጬ አልነበረም" አለ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል፤ ጆሮው በሐፍረት ቀልቷል። "አጠገቤ ስላለሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው የጠበቅሁት።"

ሚጣ የጫማውን ክር ይዛ ቀረች።

"ስሜን ታውቂው የለ፣ ሚጣዬ?" አላት። "ለምን ዝም አልሽኝ?"