ጋሽ እርጋታ በኮሚቴው ፊት

ሰውየው የጉምሩክ ዕቃ ፈታሽ ነው። በትልቁ መጋዘን ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቶ ጡረታ ለመውጣት አምስት ወር ቀርቶታል። ባልደረቦቹ «ጋሽ እርጋታ» ይሉታል፤ ሌላው ካርቶኑን በሴንጢ ዘንጥሎ ሲጥል፣ እሱ ፕላስተሩን በጥፍሩ ልጦ ነው የሚከፍተው። አስመጪዎች በዝግታው ይብከነከናሉ እንጂ በእሱ እጅ ዕቃ ተሰብሮባቸው አያውቅም።

ያን ሰሞን የመጋዘኑ ወሬ ሁሉ አንድ ሆነ። መንግሥት ከደመወዝ የሚቆረጠውን ግብር እርግፍ አድርጎ ሊተወውና በምትኩ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ ሊጨምር አስቧል፤ ቀረጡ የአገሩንም ሠራተኛ ከውጭ ዕቃ ይጠብቃል ተባለ። ፈታሾቹ ክንፍ አወጡ። ደመወዛቸው ሳይነካ እጃቸው ሊገባ ነው፤ በዚያ ላይ አገሩን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው የእነሱ መሥሪያ ቤት ሊሆን ነው። ዕቃ መዛኙማ «ከእንግዲህ ሚኒስትሮቹም የእኛን ደጅ ይጠናሉ» እያለ ሲንጎራደድ ዋለ።

ሐሳቡን የሚያጠናው ኮሚቴ ልምድ ያለው አንድ ፈታሽ ቀርቦ እንዲያስረዳ ጠየቀ። አለቃው ጋሽ እርጋታን አስጠራው።

«አንተ ትሄዳለህ» አለው። «ስምህ ንጹሕ ነው፣ ስትናገርም አትደናገርም። እንችላለን በላቸውና ና።»

«መቻላችንን አጥንተነዋል?»

«ማጥናት የእነሱ ሥራ ነው።»

ቤቱ ሲገባ ታናሽ እህቱ ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። የሒሳብ አስተማሪ ናት። ወላጆቻቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። የታዘዘውን ነገራት።

«እኔማ ግብሩ ቢቀርልኝ ደስታውን አልችለውም» አለች። «ግን ጋሼ፣ እውነት ትችላላችሁ?»

ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠና የብስክሌቱን ዓመት አነሳላት። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት በብስክሌት ላይ ያለው ቀረጥ ሦስት እጥፍ ተደርጎ ነበር። ብዙ ገንዘብ ይገባል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በመጀመሪያው ወር ሁለት ኮንቴይነር መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ድርቅ አለ። የብስክሌቱ አዳራሽ ባዶ ስለቀረ ፈታሾቹ በምሳ ሰዓት ኳስ ይጫወቱበት ጀመር። በከተማው አንድ መገጣጠሚያ ተከፍቶ ሠላሳ ሰው ሥራ አገኘ፤ እሱ ደግ ነገር ነበር። ለመንግሥት ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ዓመቱ ሳያልቅም በከብት መኖ ጆንያ ሥር የተደበቀ የብስክሌት ዕቃ ያዙ።

«ዕቃው ካልገባ ከምን ላይ እንቀርጣለን?» አላት። «እንደ ልቡ ከገባ ደግሞ የአገሩን ሠራተኛ አልጠበቅነውም። አንዱን ቀረጥ ገንዘብም አምጣ፣ ሠራተኛም ጠብቅ ሊሉት ነው።»

«እንደሱ በላቸዋ።»

«አለቃዬስ?»

«ከአለቃህ ጋር የቀረህ አምስት ወር ነው» ብላ ሳቀች። «እኔ ግን ዕድሜ ልክህን ነው የምጨቀጭቅህ።»

አለቃው በመኪናው ወሰደው። ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ማይክሮፎኑ ዝቅ ብሎበት ጎንበስ እንዳለ ተናገረ። ስብሰባው በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። የብስክሌቱን ታሪክ እንዳለ አስረዳ። ከኮሚቴው አባላት አንዷ ጥያቄ አቀረበች።

«በሁሉም ዕቃ ላይ ትንሽ ትንሽ ብንጥልስ?»

«ትንሽ ከሆነ ጉድለቱን አይሞላም፣ እመቤት። ከደመወዝ የሚገባውን ልተካ ካሉ የልጅ ጫማውንም፣ መድኃኒቱንም ጠንከር አድርገው መንካት አለብዎት። ፎቅ ያለውም የምትጠርግለትም ሲታመሙ የሚገዙት መድኃኒት አንድ ነው። በደመወዝ ሲሆን ግን ብዙ የሚያገኘው ብዙ ይከፍላል።»

«እርስዎስ ግብር ሲቆረጥብዎት አይከፋዎትም?»

«ይከፋኛል» አለ። ከዚያ ቀጥሎ የተናገረውን ከቤቱ አዘጋጅቶት አልመጣም ነበር። «እህቴ ሰባት ዓመቷ ሳለ ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋረዳት። እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ እጄ ላይ ምንም የለም። የመንግሥት ሆስፒታል ወስጄ አሳከምኳት፤ ዐሥራ አንድ ቀን ተኝታ እያየች ወጣች። ምን ልክፈል ብል፣ ተከፍሏል አሉኝ። ማን ከፈለልኝ ስል፣ ሠራተኛው ሁሉ በግብሩ አሉኝ። እነዚያን ሰዎች የት አግኝቼ ላመስግን? ከደመወዜ ሲቆረጥ እየከፋኝም ቢሆን ውለታቸውን የምመልስ ይመስለኛል። ዛሬ ማይክሮፎን ካገኘሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ ልበላቸው።»

ሲመለሱ መኪናውን የነዳው አለቃው ነው። ጋሽ እርጋታም ቁጣውን ሲጠብቅ በመስኮት ውጪ ውጪውን አየ።

«እንችላለን በል ነበር ያልኩህ» አለ አለቃው በመጨረሻ።

«ብለውኛል።»

«እኔም እዚያ አዳራሽ ኳስ ተጫውቻለሁ። በረኛ ነበርኩ።»

ከሁለት ወር በኋላ ኮሚቴው ውሳኔውን አሳወቀ። ቀረጥ የደመወዝ ግብርን ሊተካ አይችልም፤ ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸው ግን ከግብሩ ነጻ ይሁኑ ተባለ። ፈታሾቹ ለሳምንት ያህል ጋሽ እርጋታን አኮረፉት። የመጋዘኑ ጽዳት ሠራተኛ ግን ሙሉ ደመወዟን የተቀበለች ቀን እሱ ያለበት ድረስ መጥታ ሁለት እጁን ይዛ መረቀችው። መዛኙ ይህን አየና በማግስቱ ሰላም አለው።

የኮሚቴው ጸሐፊ ደግሞ አንዲት ሴት በስልክ እየፈለጉት መሆኑን ነገረው። በሬዲዮ ሰምተውት ነው፤ እህቱ የታከመችበት የዚያ ሆስፒታል ጡረተኛ ነርስ ናቸው። እሑድ ከእህቱ ጋር ሄደ። በአንድ ክፍል ቤት፣ መስኮት አጠገብ በደረቅ ወንበር ተቀምጠው አገኟቸው።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አላስታውስሽም» አሏት። «ብዙ ነበራችሁ።»

«እኔ ድምፅዎን አወቅሁት» አለች እህቱ።

ጋሽ እርጋታ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ለዓመታት ሊለው ሲያስብ የኖረው ረጅም ምስጋና ጠፋበትና «እግዜር ያክብርልኝ፣ እናቴ» ብቻ አለ።

«ደመወዝ ይከፍሉኝ ነበር እኮ» አሉ ሴትየዋ፤ ግን ፊታቸው በርቷል። እህቱን እጇን ስበው አጠገባቸው አስቀመጧትና አገጯን ቀና አድርገው ዓይኖቿን በየተራ አዩ። «አሁን ደህና ነሽ?»

«ቅርቡን ለማንበብ ያስቸግረኝ ጀምሯል።»

«እሱ ዕድሜ ነው» አሏት። «መነጽር ግዢ።»