የአድናቂዎቹ ድንኳን

«እግዜር ያጥናችሁ» እያሉ የገቡትን የይፋግ ሰዎች ታከለ ከድንኳኑ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል፤ ጢሙንም ከቀብሩ ወዲህ አልተላጨም። ለማያውቀው ሰው የሟች ወንድም ይመስላል። እሱም ቢሆን ሰው ሁሉ እጁን ይዞ ሲያጽናናው ስለሰነበተ፣ የሟች ወንድም መሆኑን ማመን ጀምሯል።

ሟቹ ዘመኑ ነው፤ ወረታን ስካ ያስጨፈራት ዘመኑ። ስካ ከጃማይካ የመጣ ሙዚቃ ነው። ጊታሩ በምቱና በምቱ መካከል እየገባ ጫር ጫር ሲያደርግ፣ ጥሩምባው ከላይ ሆኖ ያሽካካል። ዘመኑ በፖሊስ ባንድ ጥሩምባ ሲነፋ ኖሮ ሻሸመኔ ላይ ይህን ሰማ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሙዚቃ አልጥመው አለና ይዞት ወደ አገሩ መጣ። ወረታ መጀመሪያ ሳቀችበት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረ እስክስታ ነው ተባለ። በሁለተኛው ሰርግ ላይ ግን ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ትከሻቸው አልታዘዝ አላቸው። ከዚያ ወዲህ በፎገራ ዘመኑ ያልዘፈነበትን ሰርግ፣ ሰርግ ነበር ብሎ የሚያወራ ሰው አልተገኘም።

ታከለ ከመናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ ቤት አለው። የዘመኑን ዘፈኖች በየገበሬው ስልክ የጫነ እሱ ነው። ዘመኑ ባሕር ዳር ሆስፒታል ገብቶ ሳይወጣ ሲቀር አስከሬኑን ያመጣው እሱ ነው። ድንኳኑንም ከከተማው እድር ያወጣው እሱ ነው። እድሩ ለአባልና ለአባል ቤተሰብ እንጂ ለሌላ ድንኳን አያውስም፤ ታከለ ግን «ወንድሜ ነው» ብሎ ጠየቀ። የእድሩ ዳኛም የዘመኑ አድናቂ ስለነበሩ አልተከራከሩትም። ዘመኑ ጥሩምባውን ወደ ሰማይ ያነሣበት ትልቅ ፎቶ ከፊት ተሰቀለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ሰው ከአንበሳሜም ከአዲስ ዘመንም እየመጣ ይሞላው ጀመር።

የይፋግ ሰዎች ተቀምጠው ንፍሮው ሲዞር፣ ጊታር መቺው ይርዳው ወሬውን ያዘ። በአንድ ክረምት ለሰርግ ሲሄዱ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። አድናቂው ሁሉ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ድምፅ ማጉያውን በየራሱ ተሸክሞ፣ በሩዝ ማሳው መካከል ጉልበቱ ድረስ እየሰጠመ ደረሰ። ዘመኑ ከፊት ከፊት ጥሩምባውን እየነፋ ይመራቸው ነበር። ይርዳው ይህን ሲያወራ ሰዉ ለቅሶ ላይ መሆኑን ረስቶ ሳቀ፤ ታከለም ሳቀ።

ከይፋግ የመጡት አቶ አዛናው ግን አልሳቁም። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ዙሪያውን ሲቃኙ ቆይተው ወደ ታከለ ዞሩ።

«ወንድሙ ነህ አሉኝ።»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እናታችሁስ ወዴት አሉ?»

ታከለ የያዘውን ንፍሮ አስቀመጠ። ደክሟቸው ቤት መሆናቸውን ተናገረ፤ ሰፈራቸው ከሩዝ ማሳው ማዶ ስለሆነ፣ መንገዱም ጭቃ ስለሆነ ለቅሶ ደራሹ እንዳይቸገር ድንኳኑን ከተማ ላይ መትከል ግድ መሆኑን አስረዳ። ጭቃ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ የይርዳው ወሬ ገና አልበረደም ነበር። አቶ አዛናው «እህ» ብቻ አሉ። ጥቂት ቆይተው ተነሡና ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ።

ታከለን ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለው ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ተኛ። የሰው ልጅ ሰበብ ካገኘ ይተኛል። እሱ የነበረው ሰበብ ደግሞ አንድ አልነበረም። በቀብሩ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናትየዋን ሌሎቹ በባጃጅ ያደረሷቸው መስሎት ነበር። ሌሎቹም እሱ ያደረሳቸው መስሏቸው ነበር። ለቅሶኛ ከቀብር ሲመለስ ሐዘንተኛውን እቤቱ ድረስ አጅቦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከቤቱ እህል ቀምሶ ይሄዳል፤ ይህን የማያውቅ ፎገሬ የለም። አድናቂዎቹ ግን ያን ቀን የታጠቡት እዚሁ ከድንኳናቸው በር ላይ ነው። እትየ እማዋይሽ ልጃቸውን ቀብረው፣ ከጥቂት ጎረቤቶቻቸው ጋር በእግራቸው ማሳውን አቋርጠው ገቡ።

እትየ እማዋይሽ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ዘመኑ ይህን ደብቆ አያውቅም። አንድ ጊዜ በትልቅ በዓል ላይ፣ ሜዳው ጠጠር መጣያ እስኪያጣ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ባንዱን ዝም አሰኝቶ «እኔ የሸክላ ሠሪዋ የእማዋይሽ ልጅ ነኝ» አለ። ሰዉ አጨበጨበ፣ አፏጨ። ታከለ ከሁሉ በላይ አጨበጨበ፤ እጁ እስኪቀላ ድረስ። መድረክ ላይ ሲባል ደስ ይል ነበር።

ከመድረክ ሲወርድ ነገሩ ሌላ ነው። በእነሱ አገር ሸክላ ሠሪ ዓይኑ ይበላል እየተባለ ይፈራል። ዕድሜውን ሙሉ በእትየ እማዋይሽ ድስት የተሠራ ወጥ የበላ ሰው እቤታቸው ገብቶ ውሃ አይጠጣም። እድርም አያስገባቸውም። ታከለ እንዲህ ያለውን ነገር የኋላ ቀር ወሬ ነው ይላል፤ ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከማንም ጋር ሲከራከርበት ኖሯል። ዘመኑ አምኖት ይሆናል፣ ከጥቂት ዓመት በፊት እናቱ ቤት ምሳ ጋበዘው።

ሄደ። ቤቱ የተጠረገ፣ መደቡ በአዲስ ጀንዲ የተነጠፈ ነበር። እትየ እማዋይሽ የዶሮ ወጥ ሠርተው ነበር። ሰሐኑ ፊቱ ሲቀርብ ታከለ በልጅነቱ እናቱ ያስፈራሩት ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣበት። አፉ ቀደመውና «ጾመኛ ነኝ» አለ።

ቀኑ ከፋሲካ ወዲህ ነበር። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም ሕፃን ያውቀዋል። በዚያ ወር ጾመኛ ነኝ የሚል ክርስቲያን በመላው ጎንደር የለም። ታከለ የተናገረውን የሰማው ከተናገረው በኋላ ነው። እትየ እማዋይሽ ቀና ብለው አዩት፣ «እሽ፣ ልጀ» አሉ፣ ሰሐኑን አነሡት። ዘመኑ ወደ ከተማ ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ስለ አዲሱ ዘፈኑ ሲያወራለት ነበር። ዳግመኛ ግን ምሳ ጋብዞት አያውቅም፤ ታከለም ሳይጋበዝ መቅረቱን እንደ ውለታ ቆጥሮለት ነበር።

በማግሥቱ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ፣ አንዲት አሮጊት በር ላይ ቆሙ። እግራቸው እስከ ባታቸው ጭቃ ነው። ጥቁር ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። ሰው ለማስተናገድ የቆመው ቻላቸው ከገበያ ያውቃቸዋል፤ ማሰሮ ሲሸጡ።

«አንች እናት፣ እዚያ ጋ ተቀመጭ» አለና ከበሩ ጥግ ያለውን ወንበር አሳያቸው።

ታከለ ከፎቶው ሥር ሆኖ አወቃቸው። ሊነሣ ፈለገ፤ ግን እሳቸው ቀደሙት። ከቆሙበት ሆነው ሰዉን ሁሉ እጅ ነሡ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አሉ። «ልጀን እንዲህ አድርጋችሁ እንደምታለቅሱለት ሰማሁ። ለቅሷችሁን ልድረስ ብየ ነው።»

ይርዳው አንገቱን ደፋ። ለሟች እናት «እግዜር ያጥናዎ» የሚላቸው አንድ ሰው እስኪገኝ ብዙ ቆየ፤ የተገኘውም አንድ የማያውቃቸው መንገደኛ ነበር። እትየ እማዋይሽ «አሜን» ብለው ከጥጉ ወንበር ተቀመጡ።

ሻይ ዞረ። ሰዉ ሁሉ በብርጭቆ ነው የሚጠጣው። ቻላቸው ትሪውን ይዞ እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ አንዴ ተጠጥቶ የሚጣል የላስቲክ ኩባያ ፈልጎ አመጣና በእሱ ቀዳላቸው። በክፋት አልነበረም፤ እጁ ራሱ ነው የሠራው። ታከለ አየው። ማየቱን እትየ እማዋይሽ አዩ። ሻይዋን ቀስ ብለው ጠጥተው ጨረሱ። ከዚያ ኩባያዋን ጨምድደው፣ ማንም ሊያነሣት እንዳይቸገር፣ ነጠላቸው ውስጥ ከተቷትና ተነሡ። ወደ ልጃቸው ፎቶ አንዴ ቀና ብለው አይተው ወጡ። ታከለ ሊሸኛቸው እንኳ አልተነሣም።

ሰዉ ሲሳሳ ታከለ ቻላቸውን ወደ ጎን ጠርቶ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ጠየቀው። ቻላቸው መጀመሪያ ምኑን እንደሆነ አልገባውም፤ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሰዉ ብርጭቆውን ይጠየፋል ብየ ነው» አለ። «አንተ ብትሆን በየትኛው ትቀዳላቸው ነበር?»

ታከለ የሚያውቀው መልስ አንድ ነበር፤ እሱን ደግሞ በበዓለ ሃምሳ ሰጥቶታል። ለሌሎቹ ድንኳኑን ነቅለን እሳቸው ዘንድ እንትከለው ሲላቸው ይርዳው ሰማዩን አየ፣ ሌላው እድሩን አነሣ፤ እድሩ አባል ላልሆነ ሰው ደጅ ድንኳን ቢተከል ይቆጣል። ታከለ አልተከራከረም። ጫማውን አወለቀና ብቻውን ወደ ማሳው ወረደ።

ውሃው በአንዳንድ ቦታ ጉልበቱ ድረስ ደረሰ። ሰፈሯ ከፍ ካለው መሬት ላይ ናት። በእትየ እማዋይሽ ደጅ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ እንደ ዳስ ተወጥሯል፤ ሥሩ ጎረቤቶቻቸው፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች፣ መሬት ላይ ተቀምጠው እንጀራ ይቆርሳሉ። እሱን ሲያዩ ንግግራቸውን አቋረጡ። አንድ ሽማግሌ ከቤቱ ያለችውን አንዲት ወንበር አምጥተው አስቀመጡለት።

እትየ እማዋይሽ አልጠየቁትም። ወደ ጓዳ ገብተው ያልተከፈተ የፕላስቲክ ውሃና ያልተቀደደ ብስኩት ይዘው ወጡ። በሩ ገርበብ ሲል ታከለ ከውስጥ የተደረደረውን ውሃና ብስኩት አየ። ካርቶኑ ገና አሁን መከፈቱ ነው።

«ይህን ውሰድ፣ ልጀ። የፋብሪካ ነው፤ የኛ እጅ አልነካውም» አሉ። «ያኔ ከመጣህ ወዲህ ዘመኑ ይህን ከቤት አያጣም ነበር። ጓደኞቸ ሲመጡ እንዳይቸገሩ ይለኛል። እኔም ከቀብር መልስ ትመጣላችሁ ብየ አዲስ አስገዛሁ።»

ታከለ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር አላወቀም። ዘመኑ ያን ቀን መንገዱን ሁሉ ስለ ዘፈን ያወራው፣ ከዚያም ዓመት ከዓመት ጓዳው ውስጥ ውሃ ሲያስቀምጥ የኖረው፣ ለእሱ እፍረት ሲጠነቀቅለት ነበር። ታከለ ግን አንድም ቀን አልመጣለትም። አሁን ምን ቢል ይመልሰዋል? ይቅርታ የሚለውን ቃል ሞከረው፤ አፉ ውስጥ ቀለለበት፤ ተወው።

ብስኩቱን ወንበሯ ላይ አስቀምጦ መሬት ወረደ። ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ።

«ምሳ አልበላሁም፣ እትየ» አለና ሁለት እጁን ዘረጋ።

እትየ እማዋይሽ የተዘረጉትን እጆች አዩ። ከዚያ ጎንበስ አሉና የውሃውን ክዳን ጠምዝዘው ከፈቱት፣ በእጆቹ ላይም አፈሰሱለት። የፎገራ ጭቃ እስኪለቅ ድረስ ጨርሰው አፈሰሱት። ውሃው ሲያልቅ በነጠላቸው ጫፍ ጣቶቹን አንድ በአንድ አደረቁለት።