ሰባተኛው ድንጋይ

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ አልክድም። ሚስቴ ተሾመች «አንተ የገዛ ጥላህንም ማን ላከህ ብለህ ትጠይቃለህ» ትለኛለች። ትበል። የጓሳ ሣር እስከ ዛሬ የቆየው በሚያምን ሰው አይደለም።

ጓሳ የሁላችንም ሜዳ ነው። አንዱ ወገን ለግጦሽና ለአጨዳ ይከፈታል፤ ሌላው ወገን ሣሩ ለቤት ክዳን እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል። በክፍቱና በዝጉ መካከል ዐሥር ድንጋይ ቆሟል። ከዚያ መስመር ማዶ ማጭድ ያሳረፈ ይቀጣል። ሁለት ጊዜ የተቀጣ ደግሞ ከነልጆቹ ከድርሻው ይነቀላል፤ ይግባኝ የለውም። የመስመሩ ጠባቂ እኔ አባይነህ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ስጠብቅ ሜትር ይዤ አላውቅም። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ አይሱዙ ሲዞር ሰባተኛውን ድንጋይ ገጭቶ ሲጥለው እንኳ ብቻዬን አንሥቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አስተካክዬ መልሼ ተከልኩት። ሜዳው ወጣ ገባ ስለሆነ ከአንዱ ድንጋይ ቆመህ ቀጣዩን እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን አታይም። «ገመድ እንዘርጋ» ያሉኝ ነበሩ። «ዓይኔ ገመድ ነው» አልኳቸው፤ አመኑኝ።

እነራኒያ የመጡት በጥቅምት ነው። ራኒያ የማጀቴው የጨርቅ ነጋዴ የጣሂር ልጅ ናት፤ አባቷን መሐል ሜዳ ከተማ ገበያ የማያውቅ የለም። ተምራ ተምራ የከዋክብት ተመራማሪ ወጥቷታል። ከሦስት ባልደረቦቿ ጋር በሁለት መኪና ዕቃ ጭና መጥታ ጓሳን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ፊት ቆመች። «ጓሳ ከፍ ያለ ነው፣ ሰማዩም ጥሩ ነው። ሁለት ቴሌስኮፕ አራርቀን አቁመን አንድ ወር ኮከብ ልናይ ነው» አለች።

«ሁለት ለምን? አንዱ አያይም?» አልኳት።

«ያያል፣ ጋሽ አባይነህ። ግን አንዱ ብቻውን የማይለየው ነገር አለ። ጅቡቲ ላይ ሁለት ሻማ በጣት ስፋት ተራርቀው ቢበሩ፣ እዚህ ሆነው አንድ ናቸው ወይስ ሁለት ብሎ መለየት ይችላሉ?»

«ጅቡቲ ድረስ ምን አሳየኝ!»

«እኛ የምናየው ኮከብ እንደዚያ ነው። ለዓይን አንድ ነው፤ እውነቱ ግን ሁለት ኮከቦች ናቸው፣ እየተዟዟሩ። ከአንድ ኮከብ የመጣውን ብርሃን በሁለት ቦታ እንቀበልና መካከል ላይ እናገናኘዋለን። ሁለቱ እኩል መንገድ ተጉዘው ከተገናኙ ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ይሠራሉ። ከሸንተረሩ ላይ ጥንድ መሆናቸውን፣ ምን ያህል እንደተራራቁም እናነባለን። አንደኛው በጣም በጥቂቱ እንኳ ከዘገየ ግን ሸንተረሩ ይጠፋል። ስለዚህ በሁለቱ ቴሌስኮፖች መካከል ያለውን ርቀት በፀጉር ስፋት ማወቅ አለብን።»

ጆሮዬ የቆመው እዚህ ላይ ነው። መሬት በፀጉር ስፋት የሚለካ ሰው ኮከብ ብቻ ፈልጎ ነው? በኛ አገር ርስት በጠመንጃ አልሄደም፤ በልኬት ነው የሄደ። አባቴ «ለጥናት ነው» ተብሎ ማሳው ላይ ገመድ ሲጣል ቁጭ ብሎ አየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግማሹን አጣ፣ የቀረ ዕድሜውን በፍርድ ቤት ደጅ ጨረሰው። እኔ እንደ አባቴ ቁጭ ብዬ አላይም።

«ችካል አይተከልም፣ ሲሚንቶ አይፈስም፣ ሚስማር አይመታም። የዝጉን ሣር ጫፍ እንዳትነኩ» ብዬ ውል አስገባኋቸው። ልጅቱ ሳትከራከር ፈረመች። ይሄም አላማረኝም፤ የማይከራከር ሰው አንድ ነገር አለው።

ቴሌስኮፖቹን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በተቀመጠ የብረት ሰሌዳ አቆሟቸው። አንዱ ከሰባተኛው ድንጋይ አጠገብ፣ ሌላው መቶ ሃያ ሜትር ርቆ ቁልቁል። መካከል ላይ ድንኳን ተከሉ። ከየቴሌስኮፑ ብርሃኑን የሚያመጣ ቀጭን የመስታወት ገመድ ወደ ድንኳኑ ይገባል፤ ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ በሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ የምትል ትንሽ ጋሪ አለች። የአንዱን ብርሃን መንገድ የምታረዝም የምታሳጥር እሷ ናት። ለዘበኝነት የቀጠሩት ወንዳፈራሁን ነው።

ለጅብ ሥጋ አደራ አልኩ በሆዴ። ወንዳፈራሁ የሚስቴ ወንድም ነው። ከአራት ዓመት በፊት ያው ሰባተኛው ድንጋይ አጠገብ፣ ከመስመሩ ማዶ አንድ የማጭድ ስፋት ሣር አጭዶ ያገኘሁት እኔ ነኝ። «በራሴ ወገን ነው ያጨድኩት» ብሎ ማለ። «ድንጋዩ ይኸው፣ ሣሩ ይኸው» አልኩ። ተቀጣ፤ ሦስት ዓመት ከድርሻው ታገደ። ሣር ስላልነበረው የቤቱ ክዳን በስብሶ ክረምቱን ልጆቹን ይዞ እኛ ቤት ከረመ። ተሾመች ያን ክረምት በቅጡ አላናገረችኝም። እኔ ግን ሕግ ሕግ ነው ብዬ ጸናሁ። እሱም ቂም አላሳየኝም፤ እንዲያውም ይሄ ነው ይበልጥ ያስጠረጠረኝ።

መጥተው ሳምንት እንደሆናቸው ወደ ማታ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ መስመሩን ስዞር ቆም አልኩ። የላይኛው ቴሌስኮፕ የብረት ሰሌዳ ጫፍ ከሰባተኛው ድንጋይ አልፎ ዝጉ ሣር ውስጥ ገብቷል። ስንዝር ያህል። ደሜ ፈላ። ዛሬ ስንዝር፣ ነገ ጋሻ መሬት! እንዲህ ነው የሚጀመረው፤ አባቴም ላይ እንዲህ ነው የተጀመረው። መክሰስ እችል ነበር፣ ግን ወረቀት አውጥተው በቁጥር እንደሚያደናብሩኝ አውቃለሁ።

ወንዳፈራሁ ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጩ ሲወርድ አየሁት። ተመራማሪዎቹ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ዲጅኖዬን ከሰሌዳው ሥር አስገብቼ ቀስ እያልኩ ወደ ክፍቱ ወገን ገፋሁት። ድንጋዮቹን አስተካከልኩ፤ በጣሳ ውኃ ሰሌዳው ላይ አስቀምጬ ውኃው እኩል እስኪሆን ድረስ ሰሌዳውን በጠጠር ደገፍኩ። የተነቀለውን ሣር መልሼ ረገጥኩት። የሰው እጅ የነካው አይመስልም ነበር። ወደ ቤቴ የገባሁት ልቤ ቀልሎ ነው።

ያንኑ ሌሊት ሸንተረሩ ጠፋ። ሁለት ሌሊት ጋሪዋን ወዲያ ወዲህ ሲሉ አደሩ፤ ምንም። ራኒያን ጠዋት ሳገኛት ዓይኗ ቀልቷል። «ሁለቱ ኮከቦች በጣም የሚቀራረቡት በዚህ ሳምንት ነው፣ ጋሽ አባይነህ። ካመለጠን ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው» አለችኝ። ለምን ለኔ ትነግረኛለች? ደርሳብኝ ይሆን? ፊቷን አየሁ። ያዘነች ልጅ ከመምሰል በቀር ምንም አላነበብኩበትም።

በሦስተኛው ሌሊት አገኙት። ጠዋት ኮሚቴው ፊት መጥታ እንዲህ አለች፦ «ሸንተረሩ ተገኝቷል፣ ግን በሚጠበቅበት ቦታ አይደለም። በሦስት ኮከብ አሰላነው። የላይኛው ቴሌስኮፕ ከቆመበት ሃያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ክፍቱ ወገን ሄዷል። በራሱ አይሄድም።»

«አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት» አለ አንዱ በእጁ ለክቶ።

ማንም አላየኝም፣ ሣሩ እንኳ አይመሰክርም ብዬ ነበር። ለካ ከሰማይ ያዩኝ ነበሩ።

ከባልደረቦቿ አንዱ፣ ከከተማ የመጣው፣ «ዘበኛው ነቅሎ ሊሰርቀው ሞክሮ አቅቶት ትቶት ነው» አለ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ወልደ ጻድቅ ፂማቸውን ዳበሱ። ዕቃው በአደራችን ነው የቆመው፣ አደራ ያጎደለም ሣር እንደሰረቀ ነው። ለወንዳፈራሁ ደግሞ ሁለተኛው ነው። ጥፋተኛ ከተባለ አምስት ልጆቹ ዕድሜ ልካቸውን ከጓሳ አንድ እፍኝ ሣር አያገኙም።

«እንደ ድሮው አውጫጭ ይቀመጥ» አሉ። «ያጠፋው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ ሁሉ በርኖሱን ተከናንቦ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ጠያቂ ማን ይሁን ሲባል «አባይነህ! ከሱ ዓይን የሚያመልጥ የለም» አሉ። ሥራዬን እዩልኝ። የገዛ ጥፋቴን ሌላው ላይ እንድፈልግ የጠያቂነቱን ዱላ አስጨበጡኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። ተራ በተራ ጠየቅኩ። ሁሉም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ማለ። እኩለ ቀን ሲሆን ወንዳፈራሁ ላይ ደረስኩ።

«ያን ዕለት ማታ የት ነበርክ?»

«ምንጭ ወርጄ ነበር። ጀሪካኑ ክዳን አልነበረውም፤ ልወስድ ተመለስኩ።»

«እና… ማን ነካው?»

«አይቻለሁ።»

ሰዉ ጉምጉም አለ። አቶ ወልደ ጻድቅ «ስሙን በል እንጂ» አሉት።

«ራሱ ይናገራል ብዬ ሦስት ቀን ጠብቄአለሁ። እስኪመሽም እጠብቃለሁ።»

«ካልተናገርክ ጥፋቱ ባንተ ላይ ነው። ልጆችህን አስብ።»

«ይሁን። እኔ ሰው ጠቁሜ አላስቀጣም። መጠቆም ምን እንደሚያደርግ አውቀዋለሁ።» ወደኔ አላየም። መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። እኔ ይሄን ሰው አራት ዓመት ሙሉ ከኋላው ስከታተል፣ እሱ ከልጆቹ ጉሮሮ አውጥቶ ለኔ ዕድል ይሰጣል። ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ተሾመች ከሴቶቹ መካከል «ምን አለ?» ስትል ሰማኋት።

«እኔ ነኝ የገፋሁት። ወንዳፈራሁ የለበትም። የምትቀጡኝን ቅጡኝ። ግን እነሱም ዝጉን ሣር ተዳፍረዋል! ከሰባተኛው ድንጋይ ስንዝር አልፈው ነው የቆሙት። እኔ መስመሬን ነው ያስከበርኩት።» እዚህች ላይ ድምፄ መለስ አለልኝ።

ራኒያ ቀስ ብላ ተነሣች። «ጋሽ አባይነህ፣ እኛ ያቆምነው ከአንደኛው ድንጋይ እስከ ዐሥረኛው በመሣሪያ ቀጥ አድርገን አይተን ነው። መስመሩን አልነካንም። ሰባተኛው ድንጋይ ብቻ ከመስመሩ ወጣ ያለ ነው። የኛ ሳይሆን የናንተ የቤት ጉዳይ ስለሆነ ዝም አልን።»

«ውሸት ነው!» አልኩ። «ዓይኔ…»

«ገመድ አምጡ» አሉ አቶ ወልደ ጻድቅ።

የጭነት ገመድ ካለው ሁሉ ተሰብስቦ ተቀጣጠለ። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው አንዱ አንደኛው ድንጋይ ላይ፣ ሌላው ዐሥረኛው ላይ ቆሙ። ነፋሱ ገመዱን ስላስቸገረ ሰባተኛው ድንጋይ ጋ እኔና ወንዳፈራሁ በግራና በቀኝ ሆነን ያዝነው። ተወጠረ። ሁለተኛውን ነካ፣ ሦስተኛውን ነካ፣ እስከ ስድስተኛው ሁሉንም እየነካ መጣ። ስምንተኛውንም፣ ዘጠነኛውንም ነካ። ሰባተኛውን ግን አልነካም። በዝጉ ወገን በኩል አልፎት ሄደ። አቶ ወልደ ጻድቅ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ለኩት።

«አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት» አሉ።

ማን እንደተከለው መጠየቅ አላስፈለገም። ቴሌስኮፑ የነበረው በክፍቱ ወገን ነው። እኔ ነኝ ድንጋዩን አጣምሜ የተከልኩት፤ ባጣመምኩት ድንጋይ የሰውን ዕቃ ገፋሁ። ራኒያ «ዛሬና ነገ ሌሊት ይቀሩናል፤ አሁን ስለምናውቀው በስሌት እናስተካክለዋለን» ስትል ሰማኋት፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ በገመዱና በድንጋዩ መካከል ያለችው መሬት ላይ ቀርቷል። ስፋቷ አንድ ማጭድ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የታጨደችው ይቺው መሬት ናት።

ቀና አልኩ። ወንዳፈራሁ ገመዱን እንደያዘ ነው። እሱም ያችኑ መሬት ያያል።

ሕዝቡ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «ወንዳፈራሁ፣ ያን ጊዜ ያጨድከው የራስህን ድርሻ ነበር።»

«እኔማ አውቅ ነበር» አለ። «ገመዱን ያጥብቁት፣ አያ አባይነህ፤ በእርስዎ በኩል ላልቷል።»