በቢጫ መለያ ወደ ሃልስተድ

እና አሁን ስሜን እየጠሩ ነው፣ ጆ ሊን፣ ጆ ሊን፣ እያስረዘሙ፣ እንደ ልቅሶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚሁ ጂምናዚየም ውስጥ በመረብ ኳስ ላቤን ሳፈስ አንድ ሰው ጠርቶት የማያውቀውን ስም፣ ትቻቸው ስሄድ ስምንት ሺህ ሰው በቃሉ ያዘው፣ ይገርማል፣ ከዳተኛ የሚል ካርቶንም ይዘዋል፣ ከጽሑፉ ስር ላም ተስላለች፣ ጡቷን ግን ከፊት እግሮቿ መሃል ነው የሰኩት፣ በከብት አገር ኔብራስካ ተወልዶ ላም ያላየ ሰው፣ ያሳፍራል።

አምስተኛው ዙር። አስራ አንድ ለአስራ አንድ።

ቀድሞ አስራ አምስት የገባ ይወስዳል፣ ግን በሁለት መብለጥ አለበት፣ የሚወስደውም አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ባልዲ ነው፣ እጀታው የዛገ፣ ውኃ እንኳ የማይይዝ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሃልስተድ ዩኒቨርሲቲ መስታወት ውስጥ ቆልፎበታል፣ እኛ ኦርዌዮች፣ ከወንዙ ማዶ አርባ ማይል ርቀን ያለነው ትንሹ የእርሻ ኮሌጅ፣ በየዓመቱ ልናስመልስ መጥተን በየዓመቱ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን፣ እነሱ ላም አላቢዎች ይሉናል፣ እኛ ሐር ካልሲዎች እንላቸዋለን፣ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ተብያለሁ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ ደስ ሲል።

ሰርቭ፣ የመጀመሪያዋን ኳስ፣ የምትመታው ብሪያ ናት። ብሪያ ዳልስትሮም፣ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል የተኛን፣ የጥርስ ሳሙናዬን ጨርሳ ባዶውን ቱቦ በቦታው የምታስቀምጥ፣ ስሄድ አንድ መልእክት ያልላከችልኝ፣ ዛሬ ከጨዋታው በፊት በመረቡ ቀዳዳ አየችኝና ከብቶቹ እንዴት ናቸው አለችኝ፣ ደህና ናቸው፣ አንዷ ቁርጥ አንቺን ትመስላለች፣ ስትቆጣ በተለይ፣ አልኳት፣ አልሳቀችም፣ ከንፈሯ ግን ተንቀሳቅሷል፣ አይቻለሁ፣ አሁን ኳሷን መሬት ላይ ሦስቴ ታነጥራለች፣ ወደ ግራ ትከሻዬ ነው የምትልከው፣ ግራዬ ሰነፍ መሆኑን ከኔ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ ያው መጣች፣ ወደ ግራ፣ እየተንሳፈፈች፣ ነይ፣ ነይ፣ ተነሳች፣ ቀጥ ብላ ወደ ላይ፣ የኛዋ ዊላ ዘላ መታቻት፣ መሬት፣ አስራ ሁለት፣ የኛ።

ሥራዬ ይሄ ነው፣ ሌሎቹ ይመታሉ፣ እኔ መሬት ልትነካ ያለችን ኳስ አነሳለሁ፣ ለዚህ ነው ሁሉም አረንጓዴ ለብሰው እኔ ብቻዬን ቢጫ የለበስኩት፣ ከሩቅ ጫጩት እመስላለሁ፣ ሃልስተድም ሳለሁ ይህንኑ ነበር የምሠራው፣ እዚያ ግን አሰልጣኙ በመለያ ቁጥሬ አስራ አራት ነበር የሚለኝ፣ አስራ አራት ተነሺ፣ አስራ አራት ዝም በዪ፣ ስሜን ረስቶት አይደለም፣ አላወቀውም፣ ትምህርቱም አራት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ፣ መምህሩ ከታች እንደ አውራ ጣት የሚታይበት፣ ብርቅ ትምህርት ቤት ነው፣ ለሌላ ሰው ገነት ነው፣ ብሪያ እዚያ እንደ ዓሣ ትዋኛለች፣ እኔ ግን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ ማሽኑ ሲሽከረከር አለቅስ ነበር፣ ጩኸቱ ይሸፍንልኝ ነበር፣ በሳምንት ሦስቴ፣ ልብሴ እንዴት ንጹሕ ነበር።

አስራ ሁለት ለአስራ ሁለት። ከነሱ አንዷ መትታ ክንዴን አቃጠለችው። አስራ ሦስት ለአስራ ሁለት፣ የኛ። አስራ ሦስት ለአስራ ሦስት።

አሰልጣኛችን ፔግ እረፍት ጠየቁ፣ ተሰበሰብን፣ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ድምፃቸው ጠፍቷል፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ አሉ፣ ምንም የምነግራችሁ የለኝም፣ ውኃ ጠጡ፣ ዊላ ሳቀች፣ ሁላችንም ሳቅን፣ ኦርዌይን ልይ ብዬ ባለፈው መጋቢት ብቻዬን በአውቶብስ የሄድኩ ዕለትም እንዲሁ ነበሩ፣ ጂሙን ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ ምን ያህል ትዘልያለሽ አላሉኝም፣ ምን ያስቅሻል ነው ያሉኝ፣ የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ አሰርኩ፣ ሂጂና በረቱን አይተሽ ነይ አሉኝ፣ በረት ውስጥ አንዲት ጊደር ምጥ ይዟታል፣ አቶ ኦስተር የሚባሉ መምህር እስከ ክርናቸው በደም ተነክረው ሰዓትሽን አውልቂ አሉኝ፣ ማን ነሽ እንኳ ሳይሉኝ፣ እጄን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ የጥጃውን እግር ስይዝ እግሩ ወደኋላ ሳበኝ፣ ሕይወት ያለው ነገር እዚያ ጨለማ ውስጥ እጄን ጎተተኝ፣ ወጣ፣ አስነጠሰ፣ ሳቅኩ፣ ከዚያ ኋላ ነው አቶ ኦስተር ለመሆኑ ስምሽ ማነው ያሉኝ፣ ስነግራቸውም ጻፉት፣ በደም እጃቸው፣ ግድግዳው ላይ፣ ያዋለዱ ሰዎች ስም ከሚጻፍበት።

ፊሽካ። ወደ ሜዳ።

አባዬ። በሩ ላይ የቆመው አባዬ ነው። የሃልስተድን ቀይ ሹራብ ለብሷል፣ ኮፍያው ላይ የበቆሎ ገለባ አለ፣ ከማጨጃው ወርዶ ቀጥታ ነው የመጣው፣ አልመጣም ብሎ ነበር፣ የለም፣ እመጣለሁም አልመጣም አላለም፣ እኛ ኖቮትኒዎች ሦስት ትውልድ የሃልስተድ ነን፣ ልሄድ ነው ስለው ሁለታችን ማጨጃው ላይ ነበርን፣ መስመሩን እስከ ጫፍ ጨረሰ፣ አዞረ፣ ከዚያ ሰው ከኦርዌይ ወደ ሃልስተድ ይሄዳል እንጂ ከሃልስተድ ወደ ኦርዌይ ሲሄድ አላየሁም አለ፣ አሁን አየህ አልኩት፣ ከዚያ ወዲህ የምናወራው ስለ ዝናብ ነው፣ ስለ ውሻው፣ ስለ ዝናብ።

አስራ አራት ለአስራ ሦስት፣ የነሱ። አንድ ነጥብ ከገባብን አለቀ።

ስምንት ሺህ ሰው ቆመ፣ ወለሉ በጫማዬ በኩል ይንቀጠቀጣል፣ መቱ፣ አነሳሁ፣ መታን፣ መለሱ፣ መቱ፣ አነሳሁ፣ ኳሷ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ እየበረረች ነው፣ አይደረስባትም፣ እየሮጥኩ ነው፣ አይደረስባትም፣ ዘለልኩ፣ ጡጫዬ ላይ አረፈች፣ እኔ ወንበር ስር፣ አንድ የቀዮቹ ደጋፊ ሽማግሌ ፋንዲሻው ራሴ ላይ ተደፋበት፣ ጎበዝ ልጅ አለኝ፣ ወዲያው አፉን ያዘ፣ ኳሷ መረቡን አልፋለች፣ ወድቃለች፣ በነሱ በኩል ወድቃለች፣ አስራ አራት እኩል፣ ዊላ ከወንበር ስር በእግሬ ጎትታ ስታወጣኝ እንደ እብድ እየሳቅን ነው።

አስራ አምስት ለአስራ አራት፣ የነሱ።

ብሪያ ዘለለች፣ ክንዷ ወደኋላ፣ ኃይለኛ ናት ብዬ አፈገፈግኩ፣ አልመታችም፣ በጣቷ ገፋ አደረገቻት፣ ልክ መረቡን አሳልፋ፣ እንደ ላባ፣ ወደቅኩ፣ የጥፍሬን ጫፍ ነክታ ወረደች።

አለቀ።

ጩኸቱ እንደ ጎርፍ መጣ፣ መሬቱን በመዳፌ እየደበደብኩ ነው፣ ድገሙት፣ አሁኑኑ ድገሙት፣ አምና ባልዲውን ሃልስተድ ሲወስድ እኔም እጀታውን ይዤ ፎቶ ተነስቻለሁ፣ እያሰብኩ የነበረው እራት ምን እንደምበላ ነው፣ ዛሬ ተሸንፌ ደሜ ይፈላል፣ ብሪያ በመረቡ ስር ሾልካ መጣች፣ እጇን ሰጠችኝ፣ አስነሳችኝ፣ ተናድጄብሽ ነበር አለች፣ አውቃለሁ አልኳት፣ አሁንም ተናድጄብሻለሁ፣ ይሁን፣ ግራሽን ማን አስተካከለው አለች፣ ስትጠይቀኝ እያለቀሰች ነው፣ አቀፍኳት፣ ላብ ለላብ።

በበሩ ኮሪደር አባዬ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ዘገየሁ፣ የማጨጃው ሰንሰለት ተበጥሶብኝ ነው አለ። የት ተቀመጥክ? ቆሜ ነው ያየሁት፣ በዚህ ሹራብ ከናንተ ጋር ብቀመጥ ያባርሩኛል፣ ከነሱ ጋር ተቀምጬ ደግሞ ያንን ካርቶን የያዘውን ልጅ በጥፊ ልለው ሆነ፣ ወጣሁ። እዚህ ስትጫወቺ አንድ ጨዋታ አላመለጠኝም፣ ሁለት ዓመት፣ አለ፣ ድምፅሽን ሰምቼው አላውቅም፣ ዛሬ ከበሩ ሆኜ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል፣ የኔ፣ የኔ፣ ስትዪ ሰማሁ። ኳሷን ነው አባዬ፣ እንዳንጋጭ የሚደርስባት የኔ ይላል። አውቃለሁ አለ። አፍንጫውን ጠረገ፣ ገለባው ነው አለ።

የመልሱ ጨዋታ መቼ ነው? አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ፣ በኛ ሜዳ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ወንበሩ ግን ዘጠኝ መቶ ብቻ ነው፣ በሰባት ይሞላል።

በስድስት እመጣለሁ አለ።

አውቶብሱ ጡሩምባ ይነፋል፣ ዊላ በመስኮት ግማሽ አካሏን አውጥታ እያስጠበቅሽን ነው አንቺ ትላለች፣ ጉልበቴ ተልጧል፣ ፀጉሬ ውስጥ ፋንዲሻ አለ፣ ተሸንፈናል፣ እየሮጥኩ ነው።