የአንጥረኛው ሚስት ተናገረች

ጸሐፊዋ ስሟ በትልልቅ ፊደል ታትሞ ስታየው ልቧ ቅቤ ጠጣ። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ደስ ብሏት ነበር።

ወጣቷ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል የታሰበውን የሰሌዳ ረቂቅ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ እንዳይጠቀለል ጥግና ጥጉን በመጻሕፍት ተጭናዋለች። "በየራሳቸው ስም አባል የሆኑ ሴቶች" ይላል ከላይ። ከሥሩ የጸሐፊዋ ስም ከነአባቷ፣ ቀጥሎ በደቃቁ "እና ሌሎች ሃያ ሁለት ሴቶች"።

ከአርባ ሦስት ዓመት በፊት የመንደሩ የገበሬዎች ማኅበር አባል የሚያደርገው አባወራ ብቻ ነበር። ሴቶቹ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፣ እህሉን ተሸክመው መጋዘን ያስገባሉ፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን ውጭ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ሃያ ሦስት ሆነው የማኅበሩ ቢሮ ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ። አሥራ አንድ ቀን አልተነሡም። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ የአባልነት ደብተር በየስማችን ይውጣልን። ወጣላቸውም። ዛሬ ቢሮው ፈርሷል፣ ደብተሩም ሁሉ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የቀረው ከመካከላቸው መጻፍ የምትችለው ብቸኛዋ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በየቀኑ የያዘችው ቃለ ጉባኤ ነው። ያቺ ልጅ ጸሐፊዋ ናት። መዝገቡን ከሣጥኗ ሳታወጣ በማቆየቷ ስትመሰገን ኖራለች፤ ምስጋናውንም ጠልታው አታውቅም።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ፣" አለች የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ መዝገቡን እየገለጠች። "የሴቶቹ ስም የት ነው ያለው?"

ጸሐፊዋ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። "የአንጥረኛው ሚስት ተናገረች።" "የአናጢው ሚስት ደገፈች።" "የዘበኛው ሚስት እንቢ ብላ ነበር፣ በኋላ ተስማማች።" ገለጠች። ሚስት፣ ሚስት፣ አሁንም ሚስት። በየገጹ ግርጌ አንድ የሴት ስም አለ፤ የራሷ።

ፊቷ ደም መሰለ። በስማችን እንጠራ ብለው አሥራ አንድ ቀን ፀሐይ የመታቸውን ሴቶች በባሎቻቸው ጠርታ ጽፋቸዋለች! ያኔ ያገባች ሴት የምትጠራው እንደዚያ ነበር፣ ይሁን። ግን አጠገባቸው ተቀምጣ የሚሉትን በጆሮዋ የሰማች ልጅ ምን ነክቷት ነው? ምንም አልነካትም። አላሰበችውም፣ በቃ።

ይህንኑ ብትናገር ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሷ ግን "ሆን ብዬ ነው" አለች። "ችግር እንዳይደርስባቸው ስማቸውን ደብቄላቸው ነው።"

የአንጥረኛው ሚስት ብሎ ጽፎ መደበቅ! በመንደሩ ያለው አንጥረኛ አንድ ሰው ነበር። ልጅቷ ግን ከከተማ የመጣች ናት፣ ደግሞም ታከብራታለች።

"እንዴት ያለ ብልሃት ነው!" ብላ እስክሪብቶ አነሣች። "ይኼማ ሰሌዳው ላይ መግባት አለበት። ነገ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት እልከዋለሁ።"

ጸሐፊዋ እግሯ ወዴት እንደሚወስዳት ሳታስብ ወጣች። የወሰዳት ከሃያ ሦስቱ ከእሷ ሌላ በሕይወት ወደቀሩት ወደ አንዲቷ ቤት ነው። አንጥረኛው ከሞተ ሃያ ዓመቱ ቢሆንም ሴትዮዋ እስከ ዛሬ የአንጥረኛው ሚስት ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ።

"ምነው፣ ሰው የሞተብሽ መሰልሽሳ?"

"ደህና ነኝ፣ እማማ። የዚያን ጊዜዎቹን ሴቶች ስም ፈልጌ ነው። ለሰሌዳው።"

"መዝገቡ አንቺው ዘንድ አይደል?"

"መዝገቡ ላይ የለም።"

"እሱንማ አውቃለሁ፣" አሉ አሮጊቷ። ሽንኩርቱን አላቆሙም። "ልጄ ትምህርት ቤት እንደገባች ስሜን መሬት ላይ ጽፋ አሳይታኝ ነበር። ሦስት ፊደል ናት። በኋላ ቢሮው ደጃፍ ላይ ተናግሬ ስጨርስ አንቺ መስመሩን ዳር እስከ ዳር ሞላሽው። በትከሻሽ ላይ አጮልቄ ፈለግኋት፣ የለችም።"

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ምን ብዬ? እኔ መሃይሟ ተነሥቼ የተማረችውን ልጅ ተሳስተሻል ልበላት? አፈርኩ።"

ጸሐፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ እሷ ስትመሰገን፣ ያፈሩት እሳቸው ነበሩ። ለልጅቷ የዋሸችውንም እዚያው ቆማ ዘረገፈችው።

አሮጊቷ ቢላዋውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "የአንጥረኛው ሚስት ብለሽ ነው የደበቅሽኝ? የጎረቤት ዶሮ እንኳ ቤቴን ታውቀዋለች!"

ጸሐፊዋ መሳቅ አልቻለችም። ወረቀት አወጣች። "ከእርስዎ እንጀምር፣" ብላ ጠበቀች፤ ጎረቤታቸው ሆና እየኖረች ስማቸውን አታውቀውም። አሮጊቷ ነገሯት። ጻፈችው። የአናጢውን ሚስት፣ የልብስ ሰፊውን፣ የሁለቱን ወንድማማቾች ሚስቶች ነገሯት። አሥራ አምስት ላይ ቆሙ።

"ዘበኛውን ያገባችውስ? ልጅ አዝላ አሥራ አንዱንም ቀን የተቀመጠችው?" አለች ጸሐፊዋ።

አሮጊቷ ብዙ አሰቡ። "የዘበኛው ሚስት ነበር የምንላት። እኔም እንዳንቺው ነበርኩ።" ሰባቱ እንዲሁ ቀሩ። ልጆቻቸው ተበትነዋል፣ የሚጠየቅ የለም።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱም ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። ጸሐፊዋ ልጅቷ ፊት ቆማ ሳትደባብቅ ተናገረች። አልደበቅኩም፣ ዋሽቼሻለሁ፣ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። ልጅቷ ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም። የትናንቱን ጽሑፍ ሰረዘች፣ አሥራ አምስቱን ስም ገለበጠች፣ ከሥሩ ሰባት ባዶ መስመር ተወች።

"የእኔንም ስም ሰርዢው፣" አለች ጸሐፊዋ። "አይገባኝም።"

"አትሰርዢ፣" አሉ አሮጊቷ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። "ይቆይ። የዚያች ባለልጅ ወገን አንድ ቀን መጥቶ ስሟ የታለ ያለ እንደሆነ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ይወቅ።"

ልጅቷ ጸሐፊዋን አየቻት። ጸሐፊዋ እስክሪብቶውን ተቀበለቻትና ከራሷ ስም ሥር "የሰባቱን ስም ሳልጠይቅ የቀረሁት እኔ ነኝ" ብላ በገዛ እጇ ጻፈች።