ወራጅ አለ

ስልኩ የጠራው አውቶቡሱ መነሻው ላይ ቆሞ ሰው እየጫነ ሳለ ነበር። ሾፌሯ አነሳችው። የደወለችው የሆስፒታሉ ነርስ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ልስላሴው ራሱ ሾፌሯን አላማራትም። ባለፈው ሳምንት በተነሳችው የጡት ራጅ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ በደንብ መታየት ያለበት ነገር ተገኝቷል። ማክሰኞ ጠዋት መጥታ ሌላ ራጅና አልትራሳውንድ ትነሳለች፤ ካስፈለገም ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ይወስዳል።

«ካንሰር ነው?» አለች ሾፌሯ።

«አሁን ነውም አይደለምም ማለት አንችልም። ተመልሰው ከሚጠሩት አብዛኞቹ ደህና ሆነው ነው የሚገኙት። ግን መታየት አለብዎት። እንዳይቀሩ።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለች፣ ጎማው ስንት ንፋስ እንደሚይዝ የተነገራት ይመስል። ስልኩን ዘጋች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ ሞተሩን አስነሳች። ቀበቶው ደረቷን አቋርጦ ሲወርድ ቀኝ ጡቷን ጫን አለው። ስንት ዓመት ሲጫነው ኖሮ አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም ነበር።

ወደዚህ ጣጣ የገባችው ወዳ አይደለም። ድርጅቱ ዕድሜያቸው ሃምሳ ያለፈ ሠራተኞች ሁሉ አጠቃላይ ምርመራ ያድርጉ ብሎ ስላዘዘ፣ ዐይኔን ታይቼ እመለሳለሁ ብላ ሄደች። ዐይኗ ደህና ነው ተባለች።

ከኋላ ትኬት ቆራጩ የአውቶቡሱን ቆርቆሮ ሁለቴ ደበደበ፤ ሂጂ ማለት ነው። አንዴ ከደበደበ ቁሚ ማለት ነው፤ ያኔ ደግሞ «ወራጅ አለ!» የሚል ጩኸት ያስከትልበታል። በጩኸቱ የተነሳ አገር ምድሩ ጡሩምባ ይለዋል፣ የእናቱን ልጅ ጨምሮ። ድምፁ ብቻ ሳይሆን አፉም ጡሩምባ ነው፤ እሱ ጋ የገባ ወሬ ሳይመሽ ጋራዡን ያዳርሳል። እሷን ደግሞ ተሳፋሪው እማማ ፍሬን ነው የሚላት፣ እጁን እያወዛወዘ ለሚሮጥ ሁሉ ስለምትቆም። የቸኮለ ሰው ይበሳጭባታል፤ ነገ እሱ ራሱ ሲሮጥ ይመርቃታል።

ክፋቱ፣ ሆስፒታሉ ያለው መስመሯ ላይ ነው። ከገበያው ቀጥሎ፣ ከትምህርት ቤቱ በፊት፤ ፌርማታው በሩ ላይ። ሌላ ሰው ቢሆን ላለማየት መንገድ ይቀይራል። የእሷ መንገድ ግን ድርጅቱ የሰጣት መንገድ ነው፤ ስትሄድም ስትመለስም በዚያ በር ታልፋለች።

ለባሏ አልነገረችውም። ባሏ እዚያው ድርጅት ውስጥ መካኒክ ነው፤ የሞተር ሆድ ዕቃ ሲዘረግፍ ውሎ ምንም የማይመስለው፣ መርፌ ሲያይ ግን ወንበር የሚፈልግ ሰው። የልጃቸው ክትባት ዕለት እሱ ወደቀና ልጁ ተረስቶ አባት ሲያናፍሱ ዋሉ። «ምነው ዝም አልሽ?» ሲላት «ደክሞኝ ነው» ትለዋለች። ይህም ውሸት አልነበረም።

ስትታጠብ በጣቷ ትፈልጋለች። አንድ ቀን ምንም የለም፤ በማግስቱ ሁሉም ቦታ አለ፣ ግራውም ጭምር። ከዚያ ደግሞ ከትራፊክ መብራት ጋር መደራደር ጀመረች። አረንጓዴው ሳይጠፋ ካለፍኩ ደህና ነኝ፣ ቀይ ከያዘኝ አበቃልኝ። መብራቱ ሲያሸንፋት ጊዜ «ይሄኛው አይቆጠርም» ትልና ለሚቀጥለው ትዘጋጃለች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ልጅ ድራ የልጅ ልጅ የምትጠብቅ ሴትዮ!

ለማክሰኞም ፈቃድ አልጠየቀችም። እቀራለሁ ብላ ቆርጣ አይደለም፤ እሄዳለሁ ብላም አልቆረጠችም። ካልታየች ቢያንስ እስከ ወሩ መጨረሻ ጤነኛ ሆና ትቆያለች፤ ያ አማራት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላሰበችውም።

ዓርብ ዕለት፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ጡሩምባ ቆርቆሮውን አንዴ ደበደበ። «ሆስፒታል! ወራጅ አለ!»

አውቶቡሱ አለፈ።

«ወራጅ አለ እኮ!» ደግሞ ደበደበ። ተሳፋሪው አብሮት ጮኸ። አንዷ «ፍሬኑ በጠሰ!» ብላ የጎረቤቷን ክንድ ጨመደደች። ሾፌሯ የሰማችው ትምህርት ቤቱ ጋ ስትደርስ ነው። ፍሬኑን ረግጣ ቆመች። እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው ወረዱና፣ በመስኮቷ በኩል ቀና ብለው «ምነው ልጄ፣ ምን አደረግኩሽ?» አሏት። አሮጊቷ እያነከሱ ወደ ኋላ መንገድ ጀመሩ።

በመልሱም ያንኑ ደገመችው። ሌላውን ፌርማታ ሁሉ አክብራ፣ ያንን ብቻ።

መድረሻው ላይ ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ ጡሩምባ መጥቶ ከመሪው ጎን ቆመ።

«እትዬ፣ ሆስፒታሉ ምን በደለሽ?»

«ምን አልከኝ?»

«ገበያው ጋ ትቆሚያለሽ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ትቆሚያለሽ። መሃል ያለውን ዘለልሽው። አንዴ ቢሆን ሐሳብ ነው እላለሁ። ሁለቴ ግን...»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። ስልኩን፣ ራጁን፣ ማክሰኞን፣ ሁሉንም ዘረገፈችለት። ጡሩምባ አፉን ከፍቶ ሰማትና የትኬት ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ለማንም ትንፍሽ ብትል አልምርህም። በተለይ ለባሌ።»

«እናቴ ትሙት፣ አልናገርም።»

እውነትም አልተናገረም። ችግሩ፣ ምንም ነገር አለመናገሩ ነው። አንድ ቃል ከወጣ ሌላው ተከትሎ ይወጣል ብሎ ፈራ መሰል፣ አፉን ጭራሽ ዘጋው። «ወራጅ አለ» እንኳን ቀረና ቆርቆሮውን ብቻ መታ መታ ያደርጋል። ተሳፋሪዎች «ጥርስህን ተነቅለህ ነው?» አሉት። ራሱን ነቀነቀ። ቅዳሜ ማታ ጋራዥ ሲገባ ከመካኒኩ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ፤ ጡሩምባ መሬት መሬት አይቶ በጎማዎቹ መሃል ሹልክ አለ።

ባሏ ቤት ገብቶ እጁን ሳይታጠብ «ጡሩምባ ምን ሆኗል?» አላት። «ያ ሰውዬ አፉን የሚዘጋው ሰው ሲሞትበት ነው። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እሺ፣ ማን ታመመ?»

ሰለቻት፤ መደበቁ ከበሽታው በላይ አደከማት። ነገረችው።

ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቆይቶ ተነሳና የሚያንጠባጥበውን የወጥ ቤት ቧንቧ ፈታታው፤ ቆሻሻ እጁን እዚያው ታጠበ፣ ቧንቧውን ገጠመው፣ እንደገና ፈታው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ጀርባውን እንደሰጣት።

«ስለምትፈራ።»

«አዎ፣ እፈራለሁ። ሳትነግሪኝ ብትቀሪስ ደፋር ልሆን ነበር?»

አለቀሰች፤ እሱም ቧንቧውን እንደያዘ አለቀሰ። እራት ተረሳ። ከዚያ አብሬሽ እሄዳለሁ ሲላት «አይሆንም፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ብቻዬን ይሻለኛል» አለችው። ይኼኛው ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። እሱ አመናት።

ማክሰኞ ጠዋት እንደወትሮዋ መሪ ጨበጠች። በሰዓቱ ተነሳች፣ በሰዓቱ ገበያው ጋ ደረሰች። የሆስፒታሉ ፌርማታ ተቃረበ፤ ከዓርቡ ወዲህ ራሷን አስተካክላለች፣ ቀጥ ብላ ወደፊት እያየች ትቆማለች።

ጓ! አለ ቆርቆሮው። «ሆስፒታል! ወራጅ አለ!»

ጡሩምባ ድምፁ ተመልሷል። ቆመች፣ በሩን ከፈተች። በመስታወቷ እኚያ እግራቸው የተጠቀለለ አሮጊት በዝግታ ሲወርዱ አየች። ሁለት ምት ጠበቀች። ምት የለም።

«ወራጅ አለ!» አለ እንደገና።

«ማነው? ይውረዳ!» አለ ከመሃል አንድ የቸኮለ ድምፅ።

ጡሩምባ በሰው መሃል እየተሹለከለከ ወደፊት መጣ። ከኋላው ባርኔጣ ያደረገ ሰው ተከትሎታል፤ ተሳፋሪ መስሏት ነበር፣ ለካ የድርጅቱ ተለዋጭ ሾፌር ነው።

«ወራጇ አንቺ ነሽ፣ እትዬ» አለ፣ ድምፁን በእሱ ልክ ዝቅ አድርጎ።

«ምን ዓይነት ቀልድ ነው? ማን ፈቅዶ?»

«የስምሪት ክፍሉ ፈቅዷል። ባልሽ ትናንት ፈቃድ ስለሰጣችኋት እናመሰግናለን ሊል ሄዶ፣ ፈቃድ የጠየቀ ሰው እንደሌለ ነገሩት። ያውልሽ።»

ዞር ስትል ባሏ ፌርማታው ላይ ቆሟል። ለሰርግ ብቻ የሚያወጣውን ኮት ለብሷል። እጁ ላይ ግን የትናንቱ ግሪስ አለ።

ደሟ ፈላ። ተሳፋሪ ፊት፣ በገዛ አውቶቡሷ! መሪውን ሙጥኝ አለች። ከኋላ «ሾፌሯ ከወረደች ማን ሊነዳን ነው?» የሚል ጉምጉምታ ተነሳ።

«ፈርቻለሁ» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ።

አሮጊቷ ከታች፣ በሩ ጋ እንደቆሙ ነበር። ነገሩን ከማን እንደሰሙ እንጃ፤ ምናልባት ከጡሩምባ ፊት አንብበውት ይሆናል።

«ስሚ ልጄ» አሏት። «እኔ ዓርብ አሳልፈሽኝ፣ በዚህ እግሬ ተመልሼ መጥቼ ታይቻለሁ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሻል።»

ሾፌሯ ቀበቶዋን ፈታች። የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ወንበሩን ለተለዋጩ ለቀቀችና፣ ተሳፋሪው መንገድ ሲሰጣት በመሃል አልፋ በተሳፋሪ በር ወረደች። ጡሩምባ ቆርቆሮውን ሁለቴ መታ። ተለዋጩ ማርሹን ሲያስገባ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ተሰማ።

«ክላቹን በደንብ ይርገጠው እንጂ!» አለች።

«ጥርሱን ከጨረሰው እኔ አለሁ» አለ ባሏ። ቦርሳዋን ተቀበላት። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «መርፌ... ሊወጉሽ ይችላሉ አይደል?»

«ይችላሉ። አንተ ውጭ ትቀመጣለህ።»

አሮጊቷ ቀድመዋቸው፣ ከዘራቸውን እያስቀደሙ በሩን አልፈዋል።

«ወንበር ካለ አብሬሽ እገባለሁ» አለ።

«ወንበር እንጠይቅልሃለን» አለችው፤ እጁን ከነግሪሱ ይዛ ገባች።